በዝርዝሩ ላይ ያልነበሩ ሁለት ፋይሎች

እኔ የተዝረከረከ ነገር አልወድም። ሰው ቤት እንግድነት ሄጄ እንኳ ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየሁ፣ ተነስቼ ካላቃናሁት የቀረበልኝ አይወርድልኝም። እናቴ በሕይወት ሳለች "አንቺ ልጅ፣ እጅሽ አያርፍም እኮ!" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስድብ መሆኑ ቀርቶ ምርቃት ይመስለኝ ነበር። እጄ ባለማረፉ የተጎዳሁት እኔ ብሆን ኖሮ ዛሬ እየሳቅሁ አወራው ነበር። የተጎዳው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በእኔ እጅ ፈጽሞ መጎዳት ያልነበረበት ሰው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ወደ ማብቂያው ገደማ። ጉለሌ ውስጥ አንድ የመንግሥት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር፤ እዚያ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ቤታችን ቀጨኔ ስለነበር ጠዋት ቁልቁለቱን በሩጫ፣ ከሥራ መልስ ዳገቱን ቁና ቁና እየተነፈስኩ ነው የምመላለሰው። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ኃላፊውና እኔ። ኃላፊውን ጋሼ ነበር የምላቸው። ቁስቋም ተወልደው ያደጉ፣ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ፣ በንጉሡ ጊዜ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር በዚያ ዘመን ደህና ነገር አልነበረችም። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ጋሼ ከኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጡት። ተናገሩ ካልተባሉ ትንፍሽ አይሉም።

መዝገብ ቤታቸው ውስጥ ሲሆኑ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ማኅደር አለው፤ በማኅደሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ውስጡ ያሉት ሰነዶች ዝርዝር ተጽፏል። አንድ ደብዳቤ ሲገባ በዝርዝሩ ላይ ይመዘገባል፣ የገጽ ቁጥር ይሰጠዋል። "በዝርዝሩ ላይ የሌለ ወረቀት ማኅደሩ ውስጥ የለም ልጄ" ይሉኛል። ርክክብ የምናደርገውም በዚሁ ነው። እሳቸው ከዝርዝሩ ያነባሉ፣ እኔ ወረቀቱን አገላብጬ "አለ" እላለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። ድጋሚ ቅጂ ካገኘን አንዱን እናስወግዳለን፤ ቦታ ነው የሚይዘው። ይሄን ሁሉ ከእሳቸው ነው የተማርኩት፤ እውነቴን ነው፣ ከእናቴ ቀጥሎ እንደ እሳቸው ያስተማረኝ ሰው የለም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ይሉ ነበር። ከሌላ መሥሪያ ቤት የተላለፈ መዝገብ ሲመጣ፣ የፈለገ ቢዝረከረክ እንደመጣ ነው የሚቀመጠው። አንዴ እንዲህ ያለ ክምር መጥቶ ላስተካክለው ስነሳ እጄን ያዙኝ። "ያስቀመጠው ሰው ምን አስቦ እንዳስቀመጠው እናውቃለን? አናውቅም። እንግዲያው አንነካውም" አሉ። እሺ አልኩ። ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ እሺ ማለት ግን ይቀለኛል።

ኮምፒውተሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ፋብሪካው ውስጥ ከዚያ በፊት ኮምፒውተር በዓይኑ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሥራ አስኪያጁ አንድ የድሮ የክር መጋዘን አስጸዳ፣ መጋረጃ አሰቀለ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አስነጠፈ። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ በር ላይ ጫማ ማውለቅ ግዴታ ሆነ። ካልሲው የተቀደደበት ሁሉ ሥራ በዛብኝ እያለ ማሽኑን ሳያየው ከረመ። የሠራተኛውን መዝገብና የመለዋወጫ ዕቃዎችን ዝርዝር እንዲይዝ ስለታሰበ ለመዝገብ ቤት ተሰጠ። ታይፕ የምችለው እኔ ስለነበርኩ ደግሞ እኔ ተመደብኩበት።

ማሽኑን የተከለው ባለሙያ ውጭ አገር የተማረ ወጣት ነው። አንድ ሳምንት አሠለጠነን። በመጨረሻው ቀን አንድ ትንሽ የካርቶን ሳጥን ከፍቶ አምስት ዲስኬቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ስስ፣ ጥቁር፣ አራት ማዕዘን፣ ከመዳፍ ትንሽ ሰፋ የሚሉ ናቸው።

"ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮግራም ይሄ ነው" አለን። "አሁን ማሽኑ ውስጥ ጭኜዋለሁ። አንድ ቀን ማሽኑ ቢበላሽ እንደገና የሚጫነው ከእነዚህ ነው።"

አደራደሩን በጣቱ እያሳየ አስረዳን። ማሽን ሲበራ ምንም አያውቅም፤ መጀመሪያ የሚያነበው የአንደኛውን ዲስኬት መነሻ ነው። የሚቀሰቅሱት ፋይሎች እዚያ አሉ። ቀጥሎ እኛ የምንጽፍለትን ትእዛዝ የሚቀበል ፋይል አለ፤ እሱ በሌሎቹ ዲስኬቶችም ላይ ተደግሟል፣ ማሽኑ በፈለገው ጊዜ ከአጠገቡ እንዲያገኘው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ መሣሪያዎቹ ናቸው፤ ዲስኬት የሚያዘጋጀው፣ ፋይል የሚገለብጠው፣ ሁለት ፋይል የሚያወዳድረው። አራተኛው ስክሪኑ ላይ እየመረጥን የምንሠራበትን ይዟል። አምስተኛው የልዩ ልዩ አገር ኪቦርድና ማተሚያ ነው። ጫኚው ፕሮግራም "ሁለተኛውን አስገባ፣ ሦስተኛውን አስገባ" እያለ በየተራ ይጠራቸዋል። የፈለገውን ፋይል በፈለገው ዲስኬት ላይ ካላገኘ እዚያው ይቆማል።

ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ያዳምጣሉ። አንድ ነገር ጠየቁት፤ ልጁ ወደ አንደኛው ዲስኬት እያመለከተ መለሰላቸው። ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እንግዲያው መቅደስም አለዋ! ሕዝብ የማያየው" አሉ። ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስለ ምን እንደሚያወሩ ግን አልሰማሁም። በዚያች ሰዓት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ እያሰመርኩ ነበር። ሰው የሚናገረውን ትቼ የምጽፍበትን ሳሳምር! አሁንም ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሳጥኑን ጋሼ ፈርመው ተረከቡ። "ይሄም ከሌላ ቤት የመጣ መዝገብ ነው፤ እንደመጣ ይቀመጥ" ብለው የብረት ካቢኔቱ ውስጥ ቆለፉበት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት የመለዋወጫ ዕቃውን ዝርዝር በዲስኬት ላኩ አለ። ባዶ ዲስኬት ደግሞ የለም። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ለማስገዛት ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ፊርማ! ሥራ አስኪያጁ "እስከ ዓርብ" አለኝ፤ እሱ እስከ ዓርብ ካለ እስከ ዓርብ ነው። በዚያ ሰሞን ጋሼ የእህታቸው ባል ሞቶባቸው ቁስቋም ለቅሶ ላይ ነበሩ። ሲሄዱ የካቢኔቱን ቁልፍ በእጄ ሰጥተውኛል። ቁልፍ ለሌላ ሰው መስጠት በደንቡ ክልክል ነው። አንድ ሰው ማኅደር ቢፈልግ ሥራ እንዳይጉላላ ብለው፣ እኔን አምነው ነው የሰጡኝ።

ካቢኔቱን ከፍቼ ሳጥኑን አወጣሁ። መጀመሪያ ለማየት ብቻ ነበር። ዲስኬቶቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ በውስጣቸው ያሉትን ፋይሎች ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አወጣሁ። ወይ ጉድ! አንዱ ግማሹ ባዶ ነው፤ ሌላው ከሩቡ በላይ አልተያዘም። አንዱ ፋይል በሦስት ቦታ ተደግሟል። የፊደል ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ኪቦርዱ ከማተሚያው ተደባልቋል። ይሄን ያዘጋጀው ፈረንጅ መዝገብ ቤት ደጃፍ አልደረሰም ማለት ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ፋይሉ የተደገመበትን ምክንያት ልጁ ነግሮናል እኮ! በዚያች ሰዓት ግን ልብ ያለው ማን ነው? ዓርብ ደርሶብኛል፣ እጄም በልቶኛል።

ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ማሽኑ ገለበጥኩ። ድጋሚ የሆኑትን አስወገድኩ። መሣሪያውን ከመሣሪያ፣ ኪቦርዱን ከኪቦርድ ለይቼ በፊደል ተራ አደራጀሁ። ከዚያ አምስቱንም ዲስኬቶች አጥፍቼ እንደ አዲስ አዘጋጀኋቸውና ሁሉንም በሦስቱ ላይ መልሼ ጻፍኩ። በእያንዳንዱ ላይ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ለጠፍኩ። እንደ ልማዳችንም ዝርዝር አወጣሁ፤ ራሴ እያነበብኩ፣ ራሴ "አለ" እያልኩ በቀይ ምልክት አደረግሁ። አንድም አልጎደለም። ከግርጌው ፈርሜ ዝርዝሩን ከሳጥኑ ክዳን ሥር አጣጥፌ አስቀመጥኩት። የተረፉት ሁለት ዲስኬቶች ሪፖርቱን ይዘው ዓርብ ጠዋት ሄዱ። ሥራ አስኪያጁ "ጎበዝ!" አለኝ። ዲስኬቱን ከየት አመጣሽው ብሎ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም።

ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱ ቁልፉን ሰጠኋቸው። "ደህና ሰነበትሽ?" አሉኝ። "ደህና" አልኩ። ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሐዘን ላይ ናቸው፤ ደግሞም መቆጣታቸው አይቀርም፤ በኋላ ረጋ ሲሉ እነግራቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። ማሽኑ ውስጥ ቀድሞ የተጫነው ስላለ ሥራው አልተቋረጠም። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር አለፈ። እኔም እየረሳሁት ሄድኩ።

ክረምት ገባ። ክረምት በገባ ቁጥር መብራት መጣ ሄደ ይላል። አንድ ቀን እንዲሁ መጣ ሄደ ሲል ቆይቶ ማሽኑን ባበራው አልነሳ አለኝ። ይሄ የሆነው ከበላይ አካል የመጡ እንግዶች ኮምፒውተሩን ሊጎበኙ ሦስት ቀን ሲቀራቸው ነው። ባለሙያው ለሥራ አሥመራ ሄዷል ተባለ። ሥራ አስኪያጁ "ሳጥኑ አለ አይደል እንዴ? ጫኑታ!" አለ። ጋሼ ካቢኔቱን ከፍተው ሳጥኑን ሳይከፍቱት ሰጡኝ።

የመጀመሪያውን ዲስኬት አስገባሁ። ይሄ ማሽን የሚያስነሳ ዲስክ አይደለም፣ ቀይሩት የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መጣ። ቀየርኩ። ያው ጽሑፍ። ሦስተኛውን አስገባሁ። ያው። ከዚያ እጄ ያደረገውን ነገር ዛሬም ማንም ሳይጠይቀኝ እናገራለሁ፤ ከሳጥኑ ክዳን ሥር የፈረምኩበትን ዝርዝር አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አላወቅሁም ነበር የምለው ሁሉ እዚህ ላይ ውሸት ነው። ሰው ያላጠፋውን አይደብቅም።

እንግዶቹ በቀጠሯቸው መጡ። ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ቆሙ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ምርት ዕድገት ሲያወራ፣ አንደኛው እንግዳ የጠቆረውን ስክሪን አየት አድርጎ "ለመሆኑ ይሄ ይበራል?" አለ። የሥራ አስኪያጁ ፊት ደም መሰለ። ያን ጊዜ የአንድ ሰው ጉዳይ እንዳለቀለት ገባኝ። ማን እንደሚሆን ነበር የቀረው።

በሳምንቱ ባለሙያው መጣ። የራሱን ዲስኬት አስገብቶ ማሽኑን ቀስቅሶ፣ የእኛን ሦስት ዲስኬቶች መረመረ። "እነዚህ ተደምስሰው እንደገና የተጻፉ ናቸው" አለ። "ሁለቱ ደግሞ የሉም። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሰው ነክቷቸዋል።" ያየውን ነው የተናገረው፤ እሱ ላይ ቂም የለኝም።

ወዲያው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ፣ የፓርቲው ተጠሪ፣ ባለሙያው፣ ጋሼና እኔ። እኔ የገባሁት ቃለ ጉባኤ ልጽፍ ነው። እስቲ አስቡት! ሳጥኑ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። ተጠሪው "ይሄ አሻጥር አይደለም ማለት ይቻላል?" አለ። በዚያ ዘመን አሻጥር የሚባለው ቃል አንዴ ከተነሳ ሰው ይዞ ነው የሚሄደው። ተጠሪው ቀጥሎም ጋሼ በንጉሡ ጊዜ የት ይሠሩ እንደነበር ጠየቀ፤ የማያውቀው ይመስል።

ጋሼ መነጽራቸውን አጠለቁና ዲስኬቶቹን አነሱ። የለጠፍኩትን ወረቀት አንድ በአንድ አነበቡ። መሣሪያ፣ በፊደል ተራ። ኪቦርድ፣ በፊደል ተራ። ከዚያ የሳጥኑን ክዳን ገለጥ አድርገው ከሥሩ አዩ። ዝርዝሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ማለት ነው። ባዶ ነው። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ።

"የካቢኔቱ ቁልፍ የማን ነው?" አለ ተጠሪው።

"የእኔ ነው" አሉ ጋሼ።

"ለሌላ ሰው ሰጥተው ያውቃሉ?"

ጋሼ ወዲያው አልመለሱም። እኔን እየጠበቁኝ ነበር። ይሄን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። እቤት እናቴና ሁለት ታናናሾቼ እኔን ነበር የሚያዩት፤ እኔ ከታሰርኩ ምን ይበላሉ እያልኩ ነበር በሆዴ። ጋሼም ሚስትና ልጅ እንዳላቸው ግን አላሰብኩም። አላሰብኩም ስል እየዋሸሁ ነው፤ አስቤ ነው ዝም ያልኩት።

"አልሰጠሁም" አሉ።

እኔም ጻፍኩ፤ "ለማንም አልሰጠሁም ብለዋል።"

የሠራተኛው መዝገብ ከማሽኑ ውስጥ ደህና ስለወጣ አሻጥር የሚለው ቀረ። ባለሙያው ነው ያን ያስቀረላቸው፣ እግዜር ይስጠው። "ከባድ ቸልተኝነት" በሚል ተዘጋ። ጋሼ ከመዝገብ ቤት ተነስተው የበር ጥበቃ ሆኑ። ደብዳቤውን ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማኅደራቸውን አውጥቼ ያስገባሁት፣ በዝርዝሩ ላይ የመዘገብኩት፣ የገጽ ቁጥር የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ምክንያቱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሆኛለሁ።

የጥበቃ ካፖርታቸውን ለብሰው በየጠዋቱ በሩ ላይ ይቆማሉ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ጉለሌን ጠዋት ጠዋት እንዴት እንደሚያንቀጠቅጠው የኖረበት ያውቀዋል። "ደህና አደርሽ ልጄ?" ይሉኛል። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ነገር እየፈለግሁ "እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ" ብዬ እሮጣለሁ። ለራሴም አንድ ተረት ፈጥሬለት ነበር፤ ዲስኬቶቹን የካቢኔቱ እርጥበት አበላሽቷቸው ይሆናል፣ ባለሙያውም ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ። ዝርዝሬ አልጎደለም እኮ! ሁሉም "አለ" ተብሏል።

በዓመቱ ለአንድ ወር ኮርስ ተላክሁ። አንድ ቀን አስተማሪው የአንደኛውን ዲስኬት ዝርዝር ስክሪኑ ላይ አወጣ፤ የማውቀው ዝርዝር ነው። ከዚያ ሌላ ትእዛዝ ጻፈ። ከላይ፣ ከሁሉ በፊት፣ አይቻቸው የማላውቃቸው ሁለት ስሞች ብቅ አሉ። "እነዚህ በዝርዝር ላይ አይወጡም፤ ሰው በስህተት እንዳያጠፋቸው ተደብቀዋል" አለ። "ማሽኑን የሚቀሰቅሱት እነሱ ናቸው። ቦታቸው መጀመሪያ ላይ ነው። የሚታዩትን ፋይሎች ብቻ ገልብጦ ሙሉ ነው የሚል ሰው የያዘው ሬሳ ነው።" ክፍሉ ሳቀ። ጋሼ መቅደስ ያሉት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው ሰምተው ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጥበቃ ቤቷ ሄድኩ። ጋሼ ብቻቸውን ነበሩ።

"ጋሼ፣ ዲስኬቶቹን እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሌላ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋብኝ።

"አውቃለሁ" አሉ፤ የምሳ ሳሕናቸውን ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው እንድቀመጥ አመለከቱኝ። "ድጋሚው ወጥቶለት፣ በፊደል ተራ ተደርድሮ! እዚህ ግቢ ውስጥ እንዲያ የሚያደርግ ሌላ ማን አለ? እኔ አይደል ያስተማርኩሽ?"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"መናገር ያለብሽ አንቺ ነበርሽ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። አስጨረሱኝና "ስሚ" አሉ። "ጥበቃነቱ አይደለም የቆጨኝ፤ ሥራ ነው፣ ሰው ይሠራዋል። ያቺ ወረቀት ናት። ያን ሁሉ ዓመት የሰው ማኅደር ስይዝ የራሴ ንጹሕ ነበር። እኔ ስሞት ልጄ የምታገኘው እሱን ነው። የሆነውን በአንድ ገጽ ጻፊና ከእሷ ኋላ አስገቢልኝ። ለአለቆቹ ተናገሪ አልልሽም፤ ከፈራሽ አትናገሪ። ማኅደሩ ውስጥ ብቻ ትግባ።"

"ዛሬውኑ ጋሼ! እናቴ ትሙት!" አልኩ።

የዚያን ዕለት ከሥራ መልስ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። በማግስቱ አነበብኩት፤ አጻጻፉ አላማረኝም፣ ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። የቁልፉን ነገር ብጽፍ እሳቸውን መልሶ ያስጠይቃቸው ይሆን አልኩ፤ አወጣሁት። ያለ ቁልፉ ነገሩ ትርጉም አጣ። እንደገና። ከዚያ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ ተባለ፤ እነሱ ይሂዱ አልኩ። ከዚያ ሌላ ነገር። የማንም ፈቃድ አያስፈልገኝም እኮ! ማኅደሩ በእኔ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ቁልፉ በእኔ ኪስ ነው። አንድ ወረቀት፣ በዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ሄደ። ጋሼ አንድም ቀን አስገባሽው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እንዳስገባሁት እርግጠኛ ነበሩ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ክረምት ብርድ መታቸው ተባለ። ሁለት ሳምንት ተኝተው አረፉ። ጡረታቸውን ሳያዩ። ቀብራቸው ላይ ቁስቋም ቆሜ ከሰው ሁሉ በላይ አለቀስኩ፤ ሰውም "አብረው ሠርተው፣ አንጀቷን በልቷት ነው" እያለ አጽናናኝ።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ልጃቸው መዝገብ ቤት መጣች። ሃያ ዓመት የሚሆናት፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር የለበሰች ልጅ። ለእናቷ ጡረታ የአባቷ ማኅደር ሙሉ ቅጂ ተጠይቃ ነው። "አባዬ ስለ እርስዎ ያወራ ነበር" አለችኝ። "እጇ የማያርፍ ጎበዝ ልጅ አለችኝ ይል ነበር።"

ማኅደሩን አወጣሁ። ገጾቹን ቅጂ አደረግሁ። በደንቡ እያንዳንዱ ቅጂ ላይ "ከዋናው ጋር ትክክል ነው" የሚል ማኅተም ይመታል፣ ከሥሩ የኃላፊው ፊርማ ይቀመጣል። የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት ደብዳቤ፣ ሁለት የምስጋና ደብዳቤ። እየመታሁ፣ እየፈረምኩ ሄድኩ። የመጨረሻዋ ያቺ ወረቀት ናት። ከእሷ ኋላ ምንም የለም። እጄ ቆመ። አንድ ደቂቃ ታገሺኝ ብዬ፣ ቁጭ ብዬ እዚያው መጻፍ እችል ነበር። እንዲያው በአፌ መናገር እችል ነበር። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ ከእኔና ከእሷ በቀር ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም።

መታሁት። ፈረምኩ። ሰጠኋት።

ቆማ አገላብጣ አነበበች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። "ከባድ ቸልተኝነት?" አለች። "አባዬ?" ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ አብረውት ነበሩ አይደል? እውነት ነው?"

"የድሮ ነገር ነው እህቴ" አልኳት። "መዝገቡ የሚለው እንደዚያ ነው።"

ወረቀቶቹን በጥንቃቄ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከምኩዎት" ብላ እጅ ነስታኝ ወጣች። አባቷ ቸልተኛ እንደነበር የሚናገረው ወረቀት ላይ፣ ከዋናው ጋር ትክክል ነው ከሚለው ሥር ያለው ፊርማ የእኔ ነው።